የዩትሬክቱን ውል የፈረመውን ጳጳስ ታሪክ በአማርኛ ለማሳተም የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለንደን የምንኖር ጥቂት አማርኛ ተናጋሪዎች ነን። ከሥራና ከልጆች በሚተርፈን ሰዓት የምንኖርባትን ከተማ ታሪክ በራሳችን ቋንቋ ለመጻፍ ተነሥተን፣ የመጀመሪያው መጽሐፍ ረቂቁ አልቆልናል። የጆን ሮቢንሰን የሕይወት ታሪክ ነው፤ የለንደን ጳጳስ ከመሆኑ በፊት ሩብ ምዕተ ዓመት በስዊድን በዲፕሎማትነት የኖረ ሰው። ረቂቁ መጽሐፍ እንዲሆን ገንዘብ ያስፈልጋል፤ የምንጽፍላችሁም እንድታዋጡ ለመጠየቅ ነው።

«ከስንት ሰው መካከል አንድ የእንግሊዝ ጳጳስ ምን ያደርግልናል?» የሚለው ጥያቄ ከገዛ ወዳጆቻችን ሳይቀር መጥቶብናል። መልሳችን ዩትሬክት ነው። በዚህች የኔዘርላንድስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1712 የተከፈተው የሰላም ጉባኤ በታሪክ መማሪያ ውስጥ ቢበዛ አንድ አንቀጽ ያገኛል፦ በስፔን ዘውድ ውርስ የተነሣው ጦርነት አበቃ፣ ብሪታንያ ጂብራልታርን ያዘች፣ በቃ። ብሪታንያና ስፔን ሐምሌ 1713 በፈረሙት ውል ላይ ግን ጂብራልታርን ከሚሰጠው አንቀጽ 10 ሁለት ቁጥር ብቻ ዝቅ ብሎ አንቀጽ 12 ይገኛል። አፍሪካውያንን እያጋዙ በስፔን የአሜሪካ ግዛቶች የመሸጥ ብቸኛ መብት፣ አሲየንቶ የሚባለው፣ ለ30 ዓመት ለብሪታንያ ተሰጠ። በዓመት 4,800። ይህም የሰው ቁጥር አልነበረም፤ «ፒዬሳ» የተባለ የንግድ መለኪያ ነው። አንድ ጤነኛ ጎልማሳ እንደ አንድ ሙሉ ሲቆጠር፣ ሕፃን ወይም በሽተኛ እንደ ክፋይ ይታሰብ ነበር። ስለዚህ በመርከብ የሚጫነው ሰው በወረቀት ላይ ካለው ሊበልጥ ይችላል። ሥራው በ1711 ለተቋቋመው የደቡብ ባሕር ኩባንያ ተላለፈ።

በብሪታንያ በኩል ውሉን የፈረሙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የስትራፎርዱ ኧርል የተባለው ባላባትና ጳጳስ ሮቢንሰን።

አንቀጹን እሱ ፈለሰፈው አንልም። የአሲየንቶው ዋና ውል ከወራት በፊት ማድሪድ ላይ ተፈርሞ ነበር፤ የዩትሬክቱ አጸናው። ረቂቁን ካነበቡልን መካከል «ይህ ምዕራፍ ሰውየውን ያጠለሸዋልና አሳጥሩት» ያሉን ነበሩ። አላሳጠርነውም። የአፍሪካ ልጆች ሆነን የዚህን ሰው ሕይወት ስንጽፍ ያንን ገጽ ዘልለን ካለፍን፣ ቀድሞውኑ መጻፋችን ለምን አስፈለገ?

ሌላው ሕይወቱም ቢሆን የሚነበብ ነው። በ1650 በዮርክሸር ክሊስቢ በምትባል መንደር ከባላባት ወገን ካልሆነ ቤተሰብ ተወለደ፤ ኦክስፎርድ ተማረ። በ1680 ገደማ የእንግሊዝ ኤምባሲ ቄስ ሆኖ ስቶክሆልም ወረደ። አለቆቹ አገራቸው ሲገቡ ሥራው እሱ ላይ ቀረ፤ ቋንቋውን ለመደ፤ ስለ ስዊድን የጻፈው መጽሐፍም በ1694 ታተመ። ስደት ላይ ያለ ሰው ይህን ሲያነብ የሚያውቀው ነገር አያጣም፦ ቋንቋ የቻለው ሰው ሁሉም ነገር ይጫንበታል፣ ማዕረጉ ግን ዘግይቶ ይመጣል። በ1707 የማርልቦሮው መስፍን፣ የዘመኑ ታላቅ የጦር አዛዥ፣ ላይፕሲግ አጠገብ ሰፍሮ ከነበረው ከስዊድኑ ንጉሥ ከካርል 12ኛ ጋር ሲነጋገር አስተርጓሚው ሮቢንሰን ነበር።

አገሩ ከተመለሰ በኋላ ዕድገቱ ፈጠነ። በ1710 የብሪስቶል ጳጳስ ሆነ፤ በማግሥቱ ዓመት ንግሥት አን የማኅተም ጠባቂነቱን ሰጠችው። በእኛ አገር ጸሐፌ ትእዛዝ ይይዘው ከነበረው ሥልጣን ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ከእሱ ወዲህ ያን ሹመት የያዘ የቤተ ክርስቲያን ሰው የለም። (የዩትሬክቱ ጉባኤ ሲካሄድ ጎንደር ላይ ዐፄ ዮስጦስ ነግሠው ነበር፤ በመጽሐፉ ኅዳግ ላይ የሁለቱን አገር ዘመን ጎን ለጎን እያስቀመጥን ሄደናል።) ንግሥቲቱ በ1714 ስታርፍ የተቃዋሚው ወገን ሥልጣን ያዘና የሰላም ውሉን ያዋዋሉትን መክሰስ ጀመረ። ስትራፎርድ ተከሰሰ። አብሮት የፈረመው ጳጳስ፣ በዚያን ጊዜ የለንደን ጳጳስ የሆነው፣ አልተነካም። በ1723 ሞተና ፉልሃም ተቀበረ፤ የጳጳሳቱ ቤተ መንግሥት የነበረው ግቢ ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ነው፣ እኛም ልጆቻችንን ይዘን እንሄዳለን።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የሚያስፈልገን 4,000 ፓውንድ ነው። ጸሐፊዎቹ ምንም አንወስድም፤ የሚከፈላቸው አርታኢው፣ ገጽ አቀናባሪውና ማተሚያ ቤቱ ናቸው። 500 ቅጂ ለማሳተም አስበናል። ከገንዘቡ የተወሰነው ለሥዕልና ለፎቶግራፍ ፈቃድ ይውላል፤ በተለይ ሮቢንሰን በኦክስፎርድ ኦሪየል ኮሌጅ ባሠራው ሕንፃ ላይ በጥንት የስካንዲኔቪያ ፊደል የተቀረጸው «ሰው የአፈር ጭማሪ ነው» የሚለው ጽሑፍ እንዲቀርብን አንፈልግም። የቀረው ለድምፅ ቅጂው ነው። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን አማርኛ ይሰማሉ፣ ፊደሉን ግን ብዙዎቹ አይቆጥሩም፤ ለእነሱ የሚነበብ ሳይሆን የሚደመጥ መጽሐፍ ያስፈልጋቸዋል። የድምፅ ቅጂውና የኤሌክትሮኒክ ቅጂው በነፃ ይለቀቃሉ።

ከ5 ፓውንድ ጀምሮ የአቅማችሁን ስጡ። እድርና ማኅበር ያላችሁ በጋራ ብታዋጡ ይመረጣል፤ አሥር ሰው ተሰብስቦ የሰጠው ትንሽ ገንዘብ አሥር አንባቢም ይዞልን ይመጣል። የሒሳብ ቁጥሩን ይህን ጥሪ ካደረሰላችሁ ሰው ትቀበላላችሁ። ከሒሳቡ ገንዘብ የሚወጣው በሁለት ሰው ፊርማ ነው፣ ደረሰኙም ለሰጪዎች ሁሉ ይላካል።

ገንዘብ ለማይሆንላችሁም ሥራ አለን። ስቶክሆልም ያላችሁ ወገኖች፣ ስለ ሮቢንሰን በስዊድንኛ የተጻፈውን አንብቦ በአማርኛ የሚነግረን ሰው እንፈልጋለን፤ የስዊድኑ ምዕራፍ እስካሁን የተሠራው በእንግሊዝኛ ከተጻፈው ብቻ ስለሆነ ሳስቷል። ጥሩ ድምፅ ያለው አንባቢም አላገኘንም። የታሰበው ገንዘብ ካልሞላ የኅትመቱን ቁጥር እንቀንሳለን እንጂ የድምፅ ቅጂውን አንተውም፤ ከሰጪዎች መካከል በዚህ የማይስማማ ካለ ገንዘቡን እንመልስለታለን።