ብልቃጡ ለምን አነሰ? ስለ ቫይታሚን ሲ ሴረማችን አዲስ ማሸጊያና አያያዝ

አዳማ፣ የካቲት 2017 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከዚህ ወር ጀምሮ ፊት ላይ የሚቀባው ፈሳሽ፣ የቫይታሚን ሲ ሴረማችን፣ በ30 ሚሊ ሊትር ባለ ማንጠብጠቢያ ብልቃጥ መሸጡ ቀርቶ በ15 ሚሊ ሊትር ፓምፕ ይቀርባል። «ዋጋ ላለመጨመር መጠን ቀነሱ» ብላችሁ ብትጠረጥሩ አይፈረድባችሁም፤ ዘንድሮ ዳቦውም ሳሙናውም እንዲያ እየሆነ ነው። በሚሊ ሊትር ሲሰላ አዲሱ በጥቂቱ መወደዱንም አንደብቅም። ነገሩ ግን ወዲህ ነው።

ሴረሙ ውስጥ 15 በመቶ ኤል-አስኮርቢክ አሲድ፣ ማለትም ራሱ ቫይታሚን ሲ፣ አለ። ይህ ነገር ዱቄት ሆኖ ደረቅ ቦታ ሲቀመጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ውሃ ውስጥ ከሟሟ በኋላ ግን ዕድሜው መቆጠር ይጀምራል። ኦክስጅን ሲያገኘው መጀመሪያ ዲሃይድሮአስኮርቢክ አሲድ ይሆናል። እዚህ ላይ ገና መመለስ ይቻላል። ቀጥሎ ውሃው ይሰብረውና ዳይኬቶጉሎኒክ አሲድ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም። ከስብርባሪዎቹ አንዱ ኤሪትሩሎስ ይባላል፤ ፈረንጆች ቆዳቸው ፀሐይ የመታው እንዲመስል በሚቀቡት ክሬም ውስጥ የሚገባው ያው ነው። ያረጀ ሴረም የሚቀቡ ሰዎች የጣታቸው ጫፍና የትራስ ልብሳቸው ብርቱካናማ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ማዲያት ያቀልልኛል ተብሎ የተገዛ ነገር ፊት ላይ ቀለም ሲተው ማየት ያናድዳል።

ብርሃኑን ቡናማው ብልቃጥ በደንብ ይከላከልልን ነበር። ያቃተን አየሩ ነው። ሂሳቡን እንዲህ እዩት፦ አምስት ጠብታ 0.2 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል፤ ጠዋት ጠዋት ይህን ያህል የሚጠቀም ሰው 30 ሚሊ ሊትሩን ለመጨረስ 150 ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ ክዳኑ 150 ጊዜ ይከፈታል፤ ጎማው ሲጨመቅና ሲለቀቅ ደግሞ በየጊዜው አዲስ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ፈሳሹ በቀነሰ ቁጥር በላዩ ያለው አየር እየበዛ ስለሚሄድ የመጨረሻው 10 ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር አየር ተሸክሞ ይከርማል። ብዙዎቻችሁ «ግማሽ ላይ ሲደርስ ቀለሙ ተለወጠ» ያላችሁን የዚህ ውጤት ነው።

አዲሱ ፓምፕ አየር የለሽ የሚባለው ዓይነት ነው። ውስጡ ቱቦ የለውም። ሲጫኑት ከታች ያለው ተንሸራታች ወለል ፈሳሹን እየገፋ ወደ ላይ ይወጣል፤ በወጣው ፈሳሽ ቦታ አየር አይተካም። የምንጠቀምበት ፓምፕ ስፕሪንግ ፈሳሹን በማይነካው በኩል ያለ ነው። ርካሾቹ ላይ ብረቱ ሴረሙ ውስጥ ይነከራል፤ ብረትና መዳብ ደግሞ በጣም በትንሽ መጠን እንኳ መበላሸቱን ያፋጥኑታል። የቧንቧ ውሃ ትተን በዲስቲልድ (ተንኖ በተጣራ) ውሃ የምናዘጋጀውም ለዚሁ ነው።

መጀመሪያ ስትከፍቱት ከአምስት እስከ ስምንት ጊዜ ያህል ባዶውን ሊጫን ይችላል፤ አልተበላሸም። ከዚያም በኋላ አልመጣ ካለ ገልብጣችሁ መዳፋችሁ ላይ ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉት፤ አየር ይዞ ሊሆን ይችላል። ከታች ያለችውን ቀዳዳ በፕላስተር ወይም በዋጋ ወረቀት አትድፈኑ። ወለሉ እንዲነሳ አየር ከሥሩ መግባት አለበት፣ ፈሳሹን ግን አይነካም፤ ከተደፈነች ፓምፑ ይደርቃል። ባለ ሱቆች በተለይ ይህን ልብ በሉልን።

ፓምፑን አንድ ጊዜ መጫን (አንድ ጭነት) 0.2 ሚሊ ሊትር ያህል ያወጣል፤ ለፊት ይበቃል። አንገትም የምትቀቡ ከሆነ ሁለት። በቀን አንድ ጭነት ከሆነ 15 ሚሊ ሊትሩ ወደ 75 ቀን ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ጥቂት ፈሳሽ ወለሉ ላይ ይቀራል፤ እሱን ለማውጣት ፓምፑን መስበር አያስፈልግም።

ፕላስቲክም ቢሆን አየር በጥቂቱ ያሳልፋል። ስለዚህ ፓምፑን በታሸገ የአሉሚኒየም ከረጢት ውስጥ ከትንሽ ኦክስጅን መምጠጫ ጋር እናስገባዋለን። መምጠጫው የብረት ዱቄት ነው፤ ጫማ ሳጥን ውስጥ እንደሚገኘው እርጥበት መምጠጫ አይደለም፣ ሌላ ዕቃ ውስጥ ብትከቱትም አይረዳችሁም። ከረጢቱን ስትቀዱት ሥራው አልቋል፤ ልጆች እንዳያገኙት ጣሉት። ከረጢቱን ለመጠቀም እስክትዘጋጁ ድረስ አትክፈቱ፤ የከፈታችሁበትን ቀን ፓምፑ ላይ በማርከር ጻፉበት።

አሁን ስለ ሙቀቱ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የአዳማን ፀሐይ ታውቁታላችሁ፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚሆንም እንደዚያው። እንደ ግምት ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የመበላሸቱ ፍጥነት እጥፍ ገደማ ይሆናል። 5 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ሴረምና 35 ዲግሪ መደርደሪያ ላይ ያለው በስምንት እጥፍ ይለያያሉ ማለት ነው። ፍሪጅ ካላችሁ እዚያ አስቀምጡት፤ ግን በሩ ላይ አይሁን። በሩ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል። መካከለኛው መደርደሪያ ወደ ውስጥ ገባ አድርጎ ይሻላል። ማቀዝቀዣው ክፍል፣ በረዶ የሚሠራበት ውስጥ ግን ፈጽሞ አታስገቡት። መብራት ለጥቂት ሰዓት ቢጠፋ አትጨነቁ፤ ፍሪጁን ዝም ብላችሁ አትክፈቱት።

ፍሪጅ ለሌላችሁ፣ ሴረሙን በላስቲክ ጠቅልላችሁ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጡና ማሰሮውን በውጭ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት። የእንስራ ውሃ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ንፋስ ባለበት ጥላ ከሆነ በደንብ ይሠራል። መታጠቢያ ቤት መስኮት ላይ፣ ሜካፕ መስታወት ፊትና የመኪና ዳሽቦርድ ላይ ግን ይቅርባችሁ። ፍሪጅ ውስጥ የነበረውን በሦስት ወር፣ ውጭ የዋለውን በሞቃት ወራት በስድስት ሳምንት ጨርሱት።

ባለ ሱቆችና ሳሎኖች ቪትሪን ውስጥ አምፖል ሥር ባዶ ካርቶን አሳዩ፤ ዕቃው ከጓዳ ይምጣ። ከአንዱ ወደ ሌላ ብልቃጥ አትገልብጡ። በባጃጅ የምትልኩ ከሆነ ጠዋት ላኩ።

ሴረሙ ትኩስ ሳለም ሙሉ በሙሉ ቀለም አልባ አይደለም። 0.5 በመቶ ፌሩሊክ አሲድ አለው፤ ከ1 በመቶ ቫይታሚን ኢ ጋር ሆኖ ቫይታሚን ሲውን ይደግፋል፣ ፈዘዝ ያለ የገለባ ቀለምም ይሰጠዋል። መለኪያችሁ ይህ ይሁን፦ በመጀመሪያው ቀን አንድ ጭነት ነጭ ሲኒ ውስጥ አድርጋችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ። በየሁለት ሳምንቱ በዚያው ሲኒ፣ በዚያው ብርሃን አስተያዩት። ወደ ማር ቀለም ሲሄድ ቶሎ ጨርሱት፤ ብርቱካናማ ወይም ቡናማ ከሆነ ጣሉት። አፉ ላይ ደርቆ ቢጫ የሆነው ጠብታ ግን መለኪያ አይደለም፤ በንጹሕ ሶፍት ጥረጉትና የሚቀጥለውን እዩ።

«የማይበላሸውን ዓይነት ለምን አትሠሩም?» የሚሉን አሉ። እንደ ሶዲየም አስኮርቢል ፎስፌት ያሉት እውነትም ይበልጥ ይቆያሉ፤ ቆዳ ውስጥ ገብተው ግን መጀመሪያ ወደ ቫይታሚን ሲ መለወጥ አለባቸው። ቆዳችሁ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ እነሱ ይሻሏችኋል። የኛው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ3.5 በታች ነው፤ ካለዚያ ወደ ቆዳ በደንብ አይገባም። ትንሽ መቆንጠጡም ከዚያ ነው። ካቃጠላችሁ ቀን ዘልላችሁ ተቀቡ፤ ከቀላ ወይም ካበጠ አቁሙ።

የሚንፏፏውን የቫይታሚን ሲ ክኒን ፈጭተው ውሃ ውስጥ አድርገው የሚቀቡም እንዳሉ እንሰማለን። ክኒኑ ውስጥ ያለው ሶዳ አሲዱን ስለሚያበርደው ቆዳ ላይ አይጠቅምም። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ደግሞ ቆዳ ያቃጥላል፣ ጠባሳም ይተዋል። የኛ ሴረምም የፀሐይ መከላከያ አይደለም፤ ጠዋት ከሱ በላይ ሰንስክሪን ይቀባ።

አሮጌው የ30 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ እጃችሁ ላይ ካለ እስኪያልቅ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፤ ማንጠብጠቢያው ቆዳችሁን እንዳይነካ እየተጠነቀቃችሁ ጨርሱት። አዲሱ ከረጢት ተነፍቶ ወይም ተቀዶ ከደረሳችሁ፣ ወይም አየሩን ካስወጣችሁ በኋላ የመጣው ፈሳሽ ብርቱካናማ ከሆነ፣ ከነከረጢቱ ወደ ገዛችሁበት መልሱት፤ በሌላ ይቀየርላችኋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የዝግጅትና ማሸጊያ ክፍል