የቆየ የካርቱን ፊልም ከመግዛት በፊት ማሽተት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የድሮ አጫጭር ካርቱኖችን ስለመሰብሰብ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ፤ «ፊልሙ ባረጀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል» የሚለው ግን ገዢን ያሳስታል። ካርቱኑ የተሠራበት ዓመትና ኮፒው የታተመበት ዓመት የተለያዩ ናቸው። «ስቲምቦት ዊሊ» የተባለው የሚኪ ማውስ ካርቱን ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1928 ቢሆንም ኮፒው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ የታተመ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ በተመረተ የኮዳክ ፊልም ጠርዝ ላይ የክብ፣ የካሬና የሦስት ማዕዘን ምልክቶች አሉ። በየ20 ዓመቱ ይደጋገሙ ስለነበር፣ በ16 ሚሊሜትር ፊልም ላይ አንድ ክብ ብቻ ካለ ጥሬ ፊልሙ (ምስል ሳይታተምበት በፊት ያለው) እ.ኤ.አ. የ1936፣ የ1956 ወይም የ1976 ነው።

ከዓመቱ በፊት ግን ሽታው ይቅደም። ቆርቆሮው ሲከፈት አቼቶ አቼቶ ካለ ፊልሙ የተሠራበት አሲቴት የተባለ ፕላስቲክ መበስበስ ጀምሯል። ይህ መዳኛ የለውም፤ ጋዙ አጠገቡ ያሉትንም ስለሚያበላሽ ለብቻው ይቀመጥ። ቀጥሎ ሜትር ይውጣ። የ16 ሚሊሜትር ፊልም 100 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲለካ 762 ሚሊሜትር መምጣት አለበት። 8 ሚሊሜትር ያህል ከጎደለ ፊልሙ አንድ በመቶ ተኮማትሯል፤ የፕሮጀክተሩ ጥርስ ቀዳዳውን እየሳተ ይቀድደዋል። እንዲህ ያለውን ስካን ማስደረግ እንጂ ማጫወት አያስፈልግም።

እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጀመሪያ በፊት የታተመ 35 ሚሊሜትር ከሆነ፣ በቀላሉ ከሚቀጣጠለው ከናይትሬት የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ቤት ውስጥ አይቀመጥ። ናይትሬት አንዴ ከተያያዘ ውሃ ውስጥም ይነድዳል።

ባለቀለሙን በመስኮት ብርሃን እዩት። ሰማዩም ሣሩም ሮዝ ከሆነ ኢስትማን የተባለው የኮዳክ ፊልም ቀለም ለቋል። ቴክኒከለር በተባለው የቀለም ማተሚያ ዘዴ የወጣው ኮፒ ግን ዛሬም ቀዩ ቀይ፣ ሰማያዊውም ሰማያዊ ነው፤ ገንዘብ የሚወጣው ለዚህ ነው።

«ሙዚቃ ተጨምሮበታል» ተብሎ የሚሸጥ ድምፅ አልባ ካርቱን ሲገጥማችሁ ደግሞ ጠርዙን ተመልከቱ። የድምፁ መስመር ቦታ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከምስሉ ጎን ተቆርጦ ነው፤ የካርቱኑ ድመት «ፊሊክስ ዘ ካት» ጅራቱን ነቅሎ ምርኩዝ ሲያደርገው ምርኩዙ ከፍሬሙ ውጭ ሊቀር ይችላል። ባለድምፅ የ16 ሚሊሜትር ፊልም ቀዳዳው በአንድ ጎን ብቻ ስለሆነ በሁለቱም ጎን ጥርስ ባለው የድሮ ፕሮጀክተር ላይ አይጫን፤ ትርፍ የሆነው ጥርስ የድምፁን መስመር እየበሳሳ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ከድምፅ ማጉያው የሚሰማው ትርትርታ ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ