ላሊበላ ለሚሄደው ወንድሜ

ስቶክሆልም፣ ጥር 6 ቀን

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣ እንዲሁም ይህን ደብዳቤ ቡና እየተፈላ ለምታነብላቸው ለአባታችንና ለእናታችን።

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ከናፍቆቱና ከብርዱ በስተቀር አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። የትምህርት ቤታችሁ የመረብ ኳስ ቡድን በዚህ ወር መጨረሻ ለውድድር ወደ ላሊበላ እንደሚሄድና አንተም ከ6ቱ ተሰላፊዎች አንዱ እንደሆንህ ስትነግረኝ ሥራ ቦታዬ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ነገር ግን አሠልጣኛችሁ ከጨዋታ ሰዓት ውጭ ከማደሪያ መውጣት እንደከለከሏችሁ ጨምረህ ስለነገርኸኝ፣ በስልክ ጀምሬ የማልጨርሰውን ነገር በወረቀት ላይ ማስፈር ግድ ሆነብኝ።

ከመሰደዴ በፊት የስፖርት መምህር እንደነበርሁ ታውቃለህ፤ አንተ ገና ፊደል ሳትቆጥር ተማሪዎቼን ይዤ ለውድድር ላሊበላ መሄዴን ግን አታስታውሰውም። ያን ጊዜ እኔም እንደ አሠልጣኝህ ነበርሁ። እግራቸው ይረፍ ብዬ ልጆቹን 3 ቀን ሙሉ ከማደሪያው ግቢ አላስወጣኋቸውም፤ እኛም በመጀመሪያው ዙር ተሸንፈን ተመለስን። ቤት ስደርስ አባታችን ስለ ውጤቱ አንድም ቃል ሳይጠይቁኝ፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ መሠረት ሲያስቆፍሩና ድንጋይ ሲጠርቡ የኖሩ ግንበኛ ናቸውና፣ «ቤተ ክርስቲያኖቹ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው ይባላል፤ ታዲያ ክረምት ሲገባ ውኃው በየት ይወጣል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሜዳውን፣ ማደሪያውንና የአውቶቡሱን መስኮት ብቻ አይቼ ነበርና አፍሬ ዝም አልሁ። አገር ለቅቄ ከመውጣቴ በፊት ለገና በዓል ተመልሼ የሄድሁት በዚያ እፍረት ምክንያት ነው፤ ከዚያም በቀጥታ አዲስ አበባ ገብቼ ስለተሰደድሁ ለአባታችን መልሱን ሳልሰጥ ቀረሁ።

አባቴ፣ በመጀመሪያ እርስዎን የምለምነው አሠልጣኙን በአክብሮት እንዲያነጋግሯቸው ነው። ልጆቹ ከጨዋታ በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል በእግራቸው ቀስ ብለው ቢንቀሳቀሱ ሰውነታቸው ይፍታታል እንጂ አይጎዳም፤ ይህን የምለው እንደ ወንድም ብቻ ሳይሆን እንደ ቀድሞ መምህርም ነው። ደግሞም ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ የደሴን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ያደገ ልጅ እንደ ቆላ ሰው አየሩ አያጥረውም።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። መንገዱ ረጅም ነው። ደሴና ወልድያ መካከል ባለው 120 ኪሎ ሜትር ሐይቅንና ከኢጣሊያ ጋር የተደረገው ውል በ1881 ዓ.ም. የተፈረመባትን ውጫሌን ታልፋላችሁ፤ ከወልድያ ወደ ደጋው ትወጡና ከጋሸና ተገንጥላችሁ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ የላስታ ተራሮች መካከል ትደርሳላችሁ። ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች በሁለት ክፍል ተሰባስበው ወደሚገኙት ቤተ ክርስቲያኖች ለመሄድ መኪና አያስፈልግህም።

የመጀመሪያው ጨዋታችሁ ሐሙስ ጠዋት ከሆነ፣ ከሰዓት በኋላውን ለመጀመሪያው ክፍል ስጠው። የምሳ ሰዓት ላይ በሮቹ ስለሚዘጉ ቀደም ብለህ አትድከም። ከዚያ ስትገባ በቅድሚያ የምታገኘው ቤተ መድኃኔ ዓለም 33 ሜትር ያህል ርዝመት፣ 23 ሜትር ያህል ወርድና 11 ሜትር ያህል ቁመት ያለው፣ ዙሪያውን በአምድ የተከበበ ሲሆን፣ ይህ ሁሉ ከአንድ አለት የወጣ ነው። አባታችን ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይጨምራሉ፤ የንጉሥ ላሊበላ ጠራቢዎች ግን ከላይ ጀምረው ወደ ታች እየቀነሱ የሄዱ ስለሆነ፣ አንድ አምድ በስሕተት ቢሰበር መልሶ የሚያቆመው አልነበረም። ከግድግዳው አጠገብ ቆመህ የመጥረቢያውን ዱካ ተመልከት፤ በእጅህ ግን አትነካካው። ቀጥሎ ያለችው ቤተ ማርያም አነስ ያለች ብትሆንም እኔ ከሁሉ አብልጬ የወደድኋት እርሷን ነው። ውስጧ በሥዕልና በሐረግ ያጌጠ ነው፤ የገና ዕለትም ካህናቱ ነጭ ለብሰው ከጉድጓዱ ጠርዝ ላይና ከሥር ሆነው «ቤዛ ኩሉ» እያሉ ሲቀባበሉ የሰማሁት በዚያው ነው። ሙስሊም ብሆንም ዕንባዬ መጣ፤ እናታችን ይህን ሲሰሙ አይቀየሙኝም፤ የእናታቸው ወገን ላስታ ነውና።

እናቴ፣ «ልጄን ያስገቡታል ወይ?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ያስገቡታል፤ ጎብኚ ሃይማኖቱ ተጠይቆ አይመለስም። ጫማ አውልቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጸሎት ላይ ያለ ሰው ሲያይ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ መቆም ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ስለ ምግቡም አይሥጉ፤ ዓርብ የጾም ቀን ስለሆነ በየቤቱ ሽሮና ምስር ይገኛል፤ ይህም የክርስቲያን ሥጋ ለማይበላ ልጅ ከሁሉ ይሻላል፣ ለተጫዋች ሆድም ቀላል ነው። ንቦች ሕፃኑን ላሊበላን ከበው ንግሥናውን አስቀድመው አወቁ የሚባልበት አገር ስለሆነ የማሩ ነገር አይነሣም፤ ጠጁን ይተውና ብርዙን ይጠጣ።

ወንድሜ፣ ስለ ጫማ ካነሣሁ አይቀር፣ ከቤት ስትወጣ ካልሲ ደራርበህ ያዝ። ቀልድ አይደለም። በየቤተ ክርስቲያኑ ወለል ላይ የተነጠፈው ምንጣፍ ቁንጫ አያጣውም፤ እኔ በባዶ እግሬ ገብቼ ያን ሌሊት ሳክክ አድሬአለሁ፤ በማግስቱ ጨዋታ ያለው ሰው ደግሞ እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ጫማህን ለሚጠብቅልህ ልጅም ጥቂት ሳንቲም መስጠትን አትርሳ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከቡድን ጓደኞችህ ጋር ገንዘብ አዋጥታችሁ አስጎብኚ ያዙ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚያች ከተማ አልፏል፤ በጎብኚ ይተዳደር የነበረውም ሰው ክፉኛ ተጎድቷልና የምትከፍሉት ገንዘብ ትርፉ ለእናንተ ብቻ አይደለም። አስጎብኚው ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ ወደ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል፣ ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ አማኑኤል ሲወስዳችሁ፣ በመካከል የሲኦል ምሳሌ ነው የሚባለውን ጨለማ ዋሻ በቀኝ እጃችሁ ግድግዳውን እየዳበሳችሁ ታልፋላችሁ። የስልክህን መብራት አታብራ። ስታበራው ዋሻው ተራ ጉድጓድ ይሆንብሃል፤ ሳታበራ ስታልፈው ግን ጫፉ ላይ የሚታየው ብርሃን ከቶ ከአእምሮህ አይጠፋም።

ቤተ ጊዮርጊስን ከሁለቱ ክፍሎች ርቆ ለብቻው ስለምታገኘው የፀሐይ መጥለቂያው ሲቃረብ ሂድበት። መጀመሪያ የምታየው ከመሬቱ ጋር እኩል የሆነውን የመስቀል ቅርጽ ጣራውን ሲሆን፣ በላዩም አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹ መስቀሎች አሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው 12 ሜትር ያህል ወደ ታች የሚወርደው ግድግዳ የሚገለጥልህ። ጓደኞችህ ፎቶ ለመነሣት ሲጠጉ ከጠርዙ ራቁ በላቸው፤ የሚይዝ አጥር የለውም።

ቅዳሜ ዕረፍት ከሆነ የገበያ ቀን ነው። የላስታ ገበሬ ከየገጠሩ ጤፉን፣ ማሩንና ከብቱን ይዞ ይወጣል፤ ገበያውን ሳታይ የምትመለስ ከሆነ የከተማዋን ነዋሪ ሳታይ ተመለስህ ማለት ነው። ከገበያ በኋላ ባጃጅ ይዛችሁ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ወደ ነአኩቶ ለአብ ብትሄዱ፣ ከዋሻ ጣራ እየተንጠባጠበ በድንጋይ ገበቴ የሚጠራቀመውን ጠበል ታያላችሁ። አሸተን ማርያምን ግን ተዋት። ከከተማዋ በላይ ባለው ተራራ ላይ ያለች ስለሆነች፣ ቅዳሜ ብትወጣት እሑድ በፍጻሜው ጨዋታ ላይ መዝለል ያቅትሃል። ለፍጻሜ ካላለፋችሁ፣ አላህ አያድርገውና፣ እሑድን ለእርሷ አድርጓት።

አባቴ፣ የዚያ ጊዜ ጥያቄዎን አልረሳሁትም። የጉድጓዶቹ ወለል ሜዳ አይደለም፤ ውኃው ወደ አንድ ወገን እንዲሄድ ዘንበል ተደርጎ ተፈልፍሏል፤ ከአለቱ ውስጥ የተቀደዱ መውረጃ ቦዮችም አሉ፤ ዝናቡ በእነርሱ አድርጎ ወደ ቁልቁለቱ ይወርዳል። ይህን ያስረዱኝ አንድ ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ እኔ የሄድሁት በበጋ ስለነበር ውኃ ሲወርድ አላየሁም። ወንድሜ፣ አንተም የምትሄደው በበጋ ነውና ደረቁን ቦይ ፈልገህ በዓይንህ አይተህ፣ ስፋቱንም በጫማህ ለክተህ ለአባታችን ንገራቸው፤ እኔ የለካሁት ነገር የለም።

ለአስጎብኚውና ለካልሲው የሚሆን ገንዘብ በአጎታችን በኩል ልኬአለሁ። ለእናታችን አንድ ኪሎ ማር ግዛላቸው፤ ስትጭነው ክዳኑን አጥብቅ። አብሽር፣ በጨዋታውም በርታ። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን አድርሱልኝ፤ በዱዓችሁም አትርሱኝ።

ናፋቂ ወንድምህና ልጃችሁ