ልጄ፣ አመመኝ ካለችሽ አቁሚ

የኔ እናት፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ሲጠና የእናትሽ ጉልበት ትንሽ ያስቸግራታል እንጂ ሌላው ሁሉ ሰላም ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። እሑድ ዕለት ስንነጋገር ሁለት ጊዜ ጀምሬው ሁለት ጊዜም አቃተኝ። ስለ ዱባይ አየር ጠየቅሁሽና ስልኩን ለእናትሽ ሰጠኋት። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። እስከ መጨረሻው አንብቢው።

የአክስትሽ ልጅ ለዕረፍት መጥቶ ቤት ገብቶ ነበር። ስላንቺ አውርቶ አልጠግብ አለ። አንድ ሀብታም ቤተሰብ በግል እንደቀጠረሽ፣ የ11 ዓመት ሴት ልጃቸውን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በቀን ሦስት ሦስት ሰዓት ቴኒስ እንደምታሠለጥኚ፣ ደመወዝሽም እንደጨመረ ነገረን። እናትሽ እልል አለች። እኔም ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር አድርጎ፣ "ልጅቷ ትከሻዋን ያማታል፣ በፕላስተር ታሽጎላት ነው የምትጫወተው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ውድድር አለባት" አለ። የያዝኩትን ሲኒ መልሼ አስቀመጥኩት።

እሑድ "ተማሪሽ እንዴት ናት?" ስልሽ ምን ብለሽ መለስሽልኝ? "ትችላለች አባዬ፣ ጠንካራ ናት።" ያቺን ቃል ከማን እንደሰማሻት አውቃለሁ። ሜዳ ዳር አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለሽ፣ እግርሽን እያወዛወዝሽ፣ እኔ ተማሪዎቼን ስጮህባቸው እየሰማሽ ነው ያደግሽው።

እንግዲህ ስሚኝ። አመመኝ ካለችሽ አቁሚ። ዛሬ ካለችሽ ዛሬውኑ።

ሙያውን አንቺ ከኔ በተሻለ ተምረሻል። እኔ በዘጠኝ ዓመቴ አጥር ሥር ቆሜ ኳስ ሳቀብል ነው የጀመርኩት። የመጀመሪያ ራኬቴን ያገኘሁት አንድ ደንበኛ ተሰነጠቀ ብሎ የጣለውን አንሥቼ ነው። ያኔ ኮርስ የሚባል ነገር የለም። ኳስ እያቀበልክ ታያለህ፣ ሜዳው ባዶ ሲሆን ትሞክራለህ፣ አንድ ቀን አሰልጣኙ ሲቀር "ና እስቲ ይህን ሰውዬ አጫውተው" ትባላለህ። አንቺ ግን የዓለም አቀፉን የቴኒስ ፌዴሬሽን የደረጃ 1 የአሰልጣኝነት ወረቀት ይዘሻል። ኮርሱን ጨርሰሽ የመጣሽ ዕለት ምሳ ላይ በሶፍት እየጻፍሽ ያስረዳሽኝን ረሳሽው? የሚያድግ ልጅ አጥንቱ ጫፍ ላይ ገና ያልጠነከረ ክፍል እንዳለው፣ ጅማቱ ከዚያ ክፍል ይልቅ ጠንካራ እንደሆነ፣ ስለዚህ ከልክ በላይ ሲሠራ ቀድሞ የሚጎዳው አጥንቱ እንደሆነ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ልጅ በሳምንት ውስጥ አንድን ስፖርት ከዕድሜው ቁጥር በላይ ሰዓት ባይሠራ ይሻላል ብለው የስፖርት ሐኪሞች እንደሚመክሩም የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ለ11 ዓመት ልጅ 11 ሰዓት። አሁን ሦስት ሰዓት በስድስት ቀን አባዢውና ራስሽ እዪው።

የምጽፈው ግን ይህን ላስታውስሽ ብቻ አይደለም። አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ።

ክለቡ ጓዳ ውስጥ ቁጭ ብሎ የራኬት ክር የሚሠራውን ሰውዬ መቼም አትረሺውም። ያንቺንም ሁሌ ሳያስከፍል ነበር የሚሠራልሽ። በዓል በመጣ ቁጥር ቤታችን ይመጣል። ልጅ ሆነሽ ፎርሃንድ ያሳይሽ ነበር፣ ባክሃንድም ያሳይሽ ነበር። ሰርቭ ግን፣ ያን ኳሱን ወደ ላይ ወርውረሽ ከራስሽ በላይ የምትመቺውን፣ አንድም ቀን አሳይቶሽ አያውቅም። "አባዬ፣ ለምንድነው ሰርቭ የማያሳየኝ?" ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። "ሥራ ስለሚበዛበት ነው" አልኩሽ።

ዋሽቼሽ ነው። ቀኝ እጁ ከትከሻው በላይ አይወጣም። እንዲያ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

በ1989 ዓ.ም. ነው። እሱ 13 ዓመቱ ነበር። እንደኔው ኳስ አቀባይ፣ እናቱ ጉሊት የምትቸረችር። ልጁ ሲሰርቭ ድምፁ ይለያል። ከመልበሻ ክፍሉ ሆነሽ፣ ሳታዪው፣ እሱ እንደሆነ ታውቂያለሽ። እኔ ገና አሰልጣኝ መባል የጀመርኩ ሰሞን ነው። ይህ ልጅ ስሜን ያስጠራዋል አልኩ። ልብ በዪልኝ፣ የኔን ስም።

ከውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ትከሻውን ያሽ ጀመር። እኔ ዞር ስል ሰርቩን ከታች በኩል ይመታ ነበር። አንድ ቀን ደረስኩበትና ተቆጣሁት። "ጋሼ፣ እዚህ ጋ ይወጋኛል" አለኝ። ጣቱን ያሳረፈበት ቦታ ዛሬም ይታየኛል። ማሊያው እዚያ ጋ በነጭ ክር ተሰፍቶ ነበር። በቅባት አሸሁት፣ ማስታገሻ ሰጠሁት፣ በፋሻ ጠቀለልኩት። "ታገስ፣ አንተ ጠንካራ ነህ" አልኩት።

ፍጻሜው ላይ፣ በሁለተኛው ዙር፣ 4 ለ 3 እየመራ ነበር። ሊሰርቭ ቆመ። ኳሷን በግራ እጁ ወደ ላይ ወረወራት። ቀኝ እጁ ግን አልተነሣም። ኳሷ ፊቱ ወደቀች። ሦስት አራት ጊዜ ነጠረችና ተንከባልላ መረቡ ሥር ቆመች። ሰው ሁሉ ዝም አለ። ልጁ ወደኔ ዞሮ "ጋሼ፣ ይቅርታ" አለኝ።

እኔ ምን ያልኩት ይመስልሻል? "ድገመው" አልኩት።

ደገመው።

ከዚያ በኋላ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፣ ግን ዘግይቼ ነበር። እናቱ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። እንዲያውም ልጄን ስላሳከምክልኝ ብላ አመሰገነችኝ፤ እኔም ዝም ብዬ ምስጋናዋን ተቀበልኩ። ይሄውና ስንት ዓመቱ፣ በየበዓሉ ዳቦ ቆርሶ ከኔ ጋር ሲበላ እጁን ነው የማየው።

ስለዚህ አመመኝ ካለችሽ አቁሚ።

የኛ ልጅ ድሃ ስለነበረ ነው፣ እነዚህ ገንዘብ አላቸው፣ ሐኪም አላቸው እንዳትዪኝ። አሜሪካዊቷን አንድሪያ ጄገርን አስቢያት። በ14 ዓመቷ ፕሮፌሽናል ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1981 በዓለም 2ኛ ደረጃ ላይ ደረሰች፣ በ1983 ዊምብልደን ፍጻሜ ላይ ቆመች። በ19 ዓመቷ ትከሻዋ አለቀ። እሷን ከፕሮፌሽናሎቹ ሐኪሞች ውስጥ ያዳናት የለም። የሴቶቹ የቴኒስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ታዳጊዎች በዓመት ስንት ውድድር መግባት እንደሚችሉ በዕድሜ የገደበው እንዲህ ያሉ ልጆች በጊዜ ሲቀጠፉ አይቶ ነው።

ስለ ሰርቢያዊው ሻምፒዮን ጆኮቪች የመጀመሪያ አሰልጣኝ መቶ ጊዜ ነግሬሻለሁ፣ አሁንም ልድገመው። ዬሌና ጌንቺች ሰርቢያ ውስጥ ኮፓኦኒክ ተራራ ላይ ልጆች ስታሠለጥን አንድ የስድስት ዓመት ልጅ አጥሩን ይዞ ሲያይ አየችው። ና ግባ አለችው። በነጋታው ቦርሳውን አዘጋጅቶ ከች አለ። ራኬት፣ ፎጣ፣ ውኃ፣ ሙዝ፣ ሁሉም በሥርዓቱ። ማን አዘጋጀልህ ብትለው ራሴ አላት። እኔም አጥር ይዤ ስላደግሁ ይህን ክፍል እወደዋለሁ። አሁን የማስበው ግን መጨረሻውን ነው። 12 ዓመት ሲሞላው ጀርመን ወዳለው የኒኪ ፒሊች አካዳሚ እንዲሄድ የመከረችው ራሷ ናት። የኔ ነው ብላ አልያዘችውም። እኔ ያን ልጅ የኔ ነው ብዬ ያዝኩት።

አሁን የሥራውን ነገር እንነጋገር። ቪዛሽ በነሱ ስም እንደሆነ አውቃለሁ። አቁሙ ብትዪ ሌላ አሰልጣኝ በሳምንቱ እንደሚያመጡም አውቃለሁ። የኛ ሥራ ይሄው ነው። ትልልቆቹ አሰልጣኞችም ቢሆኑ ተጫዋቻቸው ሁለት ውድድር በተከታታይ ከተሸነፈ ሻንጣቸውን ይሸክፋሉ። የሚከፍልሽ አባት ነው፣ የሚያማት ልጅቷን ነው፣ አንቺ ደግሞ መሀል ላይ ነሽ። ቀላል ነው አልልሽም። ቢሆንም ታቆሚያለሽ። ይህን እንደ አባትም እንደ አሰልጣኝም ነው የማዝሽ።

ስታቆሚም በዘዴ አድርጊው። በቅድሚያ እናትየዋን አናግሪ፣ ሾፌሩን ወይም ጸሐፊውን አይደለም። ከዚያ የተነጋገራችሁትን በዋትስአፕ ጻፊላት፣ ቀን ያለው ነገር በእጅሽ ይኑር። የስፖርት ሐኪም ይያት፣ ራጅ ይነሣ፣ ወረቀት ይምጣ። ሐኪም "ትጫወት" እስኪል ሰርቭ የለም፣ ከራስ በላይ የሚመታ ኳስ የለም። እግሯን አሠሪያት፣ ሩጫዋን አስተካክዪላት። ወላጆቿ ሜዳ ላይ ሲያዩዋት ትንሽ ልባቸው ያርፋል። ፓስፖርትሽን ደግሞ አንቺው ያዢ። "እኛ ጋ ይቀመጥ" ቢሉሽ እሺ እንዳትዪ።

ራኬቷን እዪልኝ። ፖሊስተር ክር ከሆነ ዛሬውኑ አውጪው። ድርቅ ያለ ነው፣ ንዝረቱን በሙሉ ወደ እጅ ነው የሚልከው። ለስላሳ ክር አስገቢ፣ ውጥረቱንም ቀንሺ። ስትመለስም ለተወሰነ ጊዜ በአረንጓዴ ነጥብ ኳስ ትጫወት፤ ከመደበኛው በ25 በመቶ ይዘገያል። "ይህ የሕፃናት ነው" ብላ ብታኮርፍ ታኩርፍ። ሌላም ነገር አለ። አንቺ ያደግሽው አዲስ አበባ ላይ ነው፣ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ። ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ ሕጉ ለብቻው የሚፈቅደው ኳስ አለ፣ እኛ ግን ያገኘነውን ኳስ ነበር የምንመታው። ኳስ እዚህ ይበርራል። ትንሽ ነካ ስታደርጊው ይሄዳል። እዚያ ባሕር ዳር፣ እርጥበቱ ገብቶበት፣ ያው ኳስ ድንጋይ ነው። "ከትከሻሽ አውጪው" እያልሽ ስትጮኺባት ባንቺ ሜዳ እየለካሽ እንዳይሆን። ልጅቷ ያጣችውን ፍጥነት በትከሻዋ ልታመጣው እየታገለች ይሆናል።

ከተባረርሽም ነይ። የአባትሽ ቤት አለ፣ ክለቡ አለ፣ ኳስ የሚያቀብሉ ልጆችም ዛሬም አጥር ሥር ቆመዋል። ገንዘብ አታስቢ። እናትሽ ለጣራው ያልሽውን ብር አልነካችውም፣ ለክፉ ቀን ይሆንሻል ብላ አስቀምጣዋለች። ደግሞ ኮፍያ አድርጊ። ፎቶ ላይ አንገትሽ ከስሎ አይቼዋለሁ።

ቆጣ ብዬ ከጻፍኩ ይቅር በይኝ። በአንቺ ኮርቼ አልጠገብኩም። ሴት አሰልጣኝ ማየት ብርቅ በሆነበት ሜዳ ላይ ነው ቅርጫትሽን እየጎተትሽ ያደግሽው። ይህ ሰፈር እንኳ ስምሽን ሲጠራ በኔ ስም አይደለም፣ በራስሽ ነው። ለዚህ ነው "ድገመው" ብዬ የተኛሁበትን ሌሊት አንቺ እንድትተኚበት የማልፈልገው። አመመኝ ካለችሽ አቁሚ፣ ልጄ።

ትናንት ክለብ ሄጄ ለሰውዬው ልጽፍልሽ እንደሆነ ነገርኩት። ሁሉንም እንደምነግርሽም ነገርኩት። ማሽኑን ማዞር አቆመና ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ "ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?" አለኝ። ነገርኩት። ተነሥቶ በግራ እጁ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ያልተከፈተ ለስላሳ ክር አወረደ። ውጥረቱንም በወረቀት ጽፎ ከክሩ ጋር በላስቲክ አሰረልኝ። አንቺ ከምታስቢው በጣም ዝቅ ያለ ነው፤ እሱ የጻፈውን እንዳትቀይሪ።

የአክስትሽ ልጅ ሐሙስ ሲመለስ ያመጣልሻል። ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ነው። ሽታው እንዳይገባበት እናትሽ በሁለት ፌስታል ጠቅልላዋለች፣ ከታች በኩል ፈልጊው። ልጅቷን ያየ ሐኪም ምን እንዳለ ያኔውኑ ደውለሽ ንገሪኝ፣ ሌሊትም ቢሆን።

አባትሽ