የቆመች መኪና ባትሪ

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የድሬ ሙቀት እንደምታውቂው ነው። እናትሽ ሰላም ብላሻለች። የመኪና ደብዳቤ መሆኑን ስታውቅ "ለእኔ ቦታ አትተውልኝ" ብላ ወደ ማጀቷ ገባች።

ትናንት በስልክ ያልሽኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። "አባዬ፣ እኔ በሰርቪስ ነው የምሄደው፣ መኪናዋ ቆማ ነው የምትውለው፤ ባትሪዋ እንዳይሞት ጥበቃው በየጠዋቱ አምስት አምስት ደቂቃ ያስነሱልኛል" አልሽኝ። በስልክ ብመልስልሽ "እሺ አባዬ" ብለሽ ትረሺዋለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት። በቴሌግራም ስለሆነ የምልክልሽ እንዳይጠፋብሽ።

መጀመሪያ ጥበቃውን ጋሼን አመስግኚልኝ፤ ከዚያ ማስነሳቱን ይተውት። ሰውየው ቅን ናቸው፣ ግን ባትሪውን እየጠቀሙት አይደለም። ሞተር ሲነሳ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ከ100 አምፔር በላይ ይስባል። ለጥቂት ሰከንድ ቢሆንም ከባድ ነው። ያንን መልሶ የሚሞላው ዲናሞው ነው። መኪናዋ ቆማ ስትንደቀደቅ ደግሞ ዲናሞው ቀስ ብሎ ስለሚዞር የሚያመነጨው ጥቂት ነው። እሱንም መብራቱና ሬዲዮው ይሻሙታል። አምስቱ ደቂቃ ቢበዛ ቢበዛ ለማስነሳት የወጣውን ቢመልስ ነው። ሌት ተቀን ሲፈስ የከረመውን ማን ይተካዋል?

ሞተሩም ቢሆን ሳይግል ይጠፋል። ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይወጣዋል። የጭስ ማውጫው ማርሚታ በደንብ ካልጋለ ያ ውሃ ተንኖ አይወጣም፤ እዚያው ተኝቶ ብረቱን ይበላል። ሞተሩ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ደግሞ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። በዛሬ የነዳጅ ዋጋ ብረት ለማዛግ ቤንዚን ማቃጠል ምን ይሉታል?

አሁን "ሲፈስ የከረመው" ያልኩሽን ላስረዳሽ፤ ዋናው ነገር እሱ ነው። ቁልፉን ነቅለሽ ስትወጪ መኪናዋ የተኛች ይመስልሻል። አልተኛችም። ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ሬዲዮው ጣቢያውን ይዞ ይጠብቃል፣ የሞተሩ ኮምፒውተር ትንሽ ትንሽ ይጠጣል፣ አላርሙ ነቅቶ ያድራል። ባለፈው ዓመት ያስገጠምሽው ጂፒኤስም አለ። አንድ ላይ ሲደመሩ 50 ሚሊአምፔር ቢሆኑ አይገርምም። 50 ሚሊአምፔር ሲባል ምንም አይመስልም። በ24 ሰዓት ስታባዢው ግን 1.2 አምፔር ሰዓት ነው። የአንቺ ቪትዝ ባትሪ ሱቅ ውስጥ "40 አምፔር" የሚሉት ነው፤ 40 አምፔር ሰዓት ይይዛል ማለት ነው። አዲስ ሆኖ፣ ጢም ብሎ ሞልቶ ብትተዪው እንኳ በ17 ቀን ገደማ ግማሹ ያልቃል። ያረጀ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል። ባትሪ ምንም ሳይነካው በራሱም ይወርዳል። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ይሄ በራሱ መውረዱ እጥፍ ያህል ይሆናል። በዚህ በኩል አዲስ አበባ መኖርሽ በጀሽ፤ ድሬ ላይ ባትሪ ዕድሜ የለውም።

ወርዶ መቆየቱ ነው እንግዲህ የሚገድለው። ባትሪ ሲወርድ ውስጡ ባሉት የሊድ (የእርሳስ ብረት) ሳህኖች ላይ ሊድ ሰልፌት የሚባል ነገር ይፈጠራል። ቶሎ ቻርጅ ካደረግሽው ይመለሳል። ሳምንታት ከቆየ ግን ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ነገር ደርቆ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ቻርጅ ብታደርጊውም ሙሉውን አይዝልሽም። "አዲስ ባትሪ ነው ገና ዓመት አልሞላውም፣ አታለሉኝ" የሚሉ ሰዎች አሉ። አንዳንዴ እውነት ይታለላሉ። ብዙ ጊዜ ግን መኪናዋ ቆማ የበላችው ነው።

ስለዚህ ከሁለት አንዱን ምረጪ። ወይ በትክክል ንጂያት፣ ወይ ባትሪውን ንቀዪው። የመሃል መንገድ የለውም።

መንዳት ከመረጥሽ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፣ መንገድ በሚፈስበት ሰዓት ይሁን። እሁድ ጠዋት ጥሩ ነው። ከሰሚት ተነስተሽ በጎሮ አድርገሽ እስከ ቱሉ ዲምቱ ደርሰሽ መመለስ ትችያለሽ። ዓርብ ማታ ቦሌ ላይ ተጨናንቀሽ ያሳለፍሽው አንድ ሰዓት አይቆጠርም፤ እሱ ያው መቆም ነው። ጎማውም፣ ፍሬኑም በዚያው ይጠቀማሉ። ከቤት እስከ ሱፐርማርኬት ሄዶ መመለስም መንዳት አይባል።

ክረምቱን በሙሉ አልነዳም ካልሽ ደግሞ የ10 ቁልፍ፣ የብሎን መፍቻውን፣ ያዢ። ኮፈኑን ክፈቺ። ባትሪው ላይ ሁለት ራስ ታያለሽ፤ የመደመር ምልክት ያለው ፖዘቲቭ፣ የመቀነስ ምልክት ያለው ኔጌቲቭ ነው። ኔጌቲቩን ብቻ ፈትተሽ አውጪውና ተመልሶ እንዳይነካ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለሽ ወደ ጎን አድርጊው። ፖዘቲቩን አትንኪ። ምክንያቱን ልንገርሽ፦ የመኪናዋ አካል በሙሉ ከኔጌቲቩ ጋር የተያያዘ ነው። ፖዘቲቩን ስትፈቺ መፍቻው ብረት ከነካ እሳት ይረጫል። ኔጌቲቩ ከወጣ በኋላ ግን ብትነኪም ምንም የለም። ሁለቱንም መፍታት ካስፈለገ ኔጌቲቭ መጀመሪያ ይወጣል፣ መጨረሻ ይገባል። ቀለበትና አምባርሽን አውልቂ።

በሩን በሪሞት ሳይሆን በቁልፉ ነው የምትቆልፊው። ስትመልሺው ሰዓቱ ዜሮ ይሆናል፣ ሬዲዮው ጣቢያዎቹን ይረሳል፣ ሞተሩም ለጥቂት ደቂቃ ሊንገዳገድ ይችላል። አትደንግጪ። ኔጌቲቩ ወጥቶ የቆመ ባትሪ በአዲስ አበባ አየር ከሁለት ወር በላይ ያለ ችግር ይቆይልሻል፤ ሞልቶ ከተነቀለ ማለቴ ነው። ወርዶ ከተነቀለ ያው ይደርቃል።

ሞልቷል ወይስ ወርዷል የሚለውን በግምት አታድርጊው። ቮልት የሚለካውን ቴስተር ግዢ። ሶማሌ ተራ ወርደሽ ርካሿን ብትገዢ ይበቃል። መኪናዋ ሳትነሳ ካደረች በኋላ፣ ጠዋት ምንም ሳትከፍቺ ለኪው። 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካሳየሽ ሙሉ ነው። 12.4 ሩብ ጎድሎታል። 12.2 ግማሽ ነው፤ ቻርጅ ይፈልጋል። 12 ከሆነ ሳይውል ሳያድር። ከነዳሽ በኋላ ወዲያው የለካሽው ቁጥር ግን ያታልልሻል፤ ከፍ ብሎ ይታይና በኋላ ይወርዳል። ቀጥለሽ ሞተሩን አስነሺና እንደገና ለኪ። ከ13.8 እስከ 14.5 መካከል መሆን አለበት። ከ13 በታች ከሆነ ጥፋቱ ባትሪው ላይ ላይሆን ይችላል። ዲናሞው ወይ እሱን የሚያዞረው ቺንጊያ ይታይ። አዲስ ባትሪ ገዝተው በሳምንቱ እንደገና የሚቆሙት ይቺን ሳይለኩ ነው።

ቻርጀር ልግዛ ብለሽኝ ነበር። ግቢ ላለው ሰው ከእሱ የተሻለ ነገር የለም፤ ባትሪው ሲሞላ ኃይሉን ራሱ ዝቅ የሚያደርገው ዓይነት ከሆነ ሳምንታት ሰክቶ መተው ይቻላል። አንቺ ግን አራተኛ ፎቅ ነሽ። ከበረንዳ ገመድ አውርደሽ መኪና ላይ ልትሰኪ ነው? ዝናቡስ? የግቢው ልጆችስ? ባትሪውን አውጥተሽ ወደ ላይ ማምጣት ይቻላል፤ 10 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ወንድምሽ ይሸከምልሽ። ስትይዙት አታጋድሉት፤ አሲድ ነው፣ ልብስም ቆዳም ይበላል። በረንዳ ላይ አስቀምጪውና በ4 አምፔር ቀስ ብሎ ይሙላ። ማጀት ውስጥ አይሆንም። ቡና ለማፍላት ከሰል የተያያዘበት አጠገብማ በፍጹም! ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣዋል፤ ጋዙ እሳት ካገኘ ይፈነዳል።

ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ ቀን እምቢ ካለችሽ ግቢው ውስጥ ያለ ወንድ ሁሉ መካኒክ ይሆንና ይሰበሰባል። "እንግፋት!" ይሉሻል። የሐረር ፔጆ 404 ስትሆን ተገፍታ፣ ሁለተኛ ማርሽ ገብቶ፣ ፍሪሲዮን ሲለቀቅ ትነሳለች። ያንቺ ግን አውቶማቲክ ናት። እስከ መገናኛ ቢገፏትም አትነሳም። ካቮ፣ ከባትሪ ባትሪ የሚያገናኘው ቀይና ጥቁር ገመድ፣ ያለው ጎረቤት ፈልጊ። ቀዩን መጀመሪያ የሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ የደህናው ፖዘቲቭ ላይ። ጥቁሩን የደህናው ኔጌቲቭ ላይ፣ የመጨረሻውን ጫፍ ግን ባትሪው ላይ ሳይሆን ያንቺ ሞተር ላይ ቀለም የሌለበት ብረት ፈልገሽ እዚያ። መጨረሻ ላይ ብልጭ ስለሚል ከባትሪው ራቅ እንዲል ነው። ከተነሳች በተቃራኒው ቅደም ተከተል ይነቀላል። ከዚያ "ተነሳች እኮ" ብለሽ አታቁሚያት። የሞተ ባትሪ በመንዳት ብቻ ሙሉ ለሙሉ አይመለስም፤ ቻርጅ ቤት ውሰጂውና አድሮ ይሙላ።

ጎረቤትሽ የኤሌክትሪክ መኪና ስለገዛ በዚህ እንደሚስቅብሽ ነግረሽኛል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚን መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ሁሉም ወደዚያ እየሄደ ነው። ንገሪው፤ የእሱም መኪና ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አላት። እሷ ከሞተች ትልቁ ሞልቶ እያለ መኪናዋ አትነቃለትም።

ባትሪው ከላይ የሚከፈት ክዳን ካለው ውሃውን እዪው። ሳህኖቹ ከውሃው በላይ ከታዩ የተጣራ የባትሪ ውሃ ጨምሪበት። አሲድ አይጨመርም። "የሃይላንድ ውሃም ይሆናል" የሚልሽን አትስሚ፤ ማዕድን አለበት። ራሶቹ ላይ ነጭ ወይ አረንጓዴ ዱቄት ካየሽ ለብ ባለ ውሃ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠሽ በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ እሺው። ሲደርቅ ቫዝሊን ቀቢው።

ያሁኑ ባትሪ ዕድሜው ስንት እንደሆነ አላውቅም። ላዩ ላይ የተመረተበት ቀን ይኖራል፣ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ለክተሽ ቁጥሩን ንገሪኝ፤ ሳትነሳ ስንት፣ ተነስታ ስንት። ያንን ሳላይ ገንዘብ እንዳታወጪ። መግዛት ግድ ከሆነ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ። ፖዘቲቩ በየትኛው በኩል እንዳለ ይመሳከራል፣ ከተገለበጠ ገመዱ አይደርስልሽም። አሮጌውም ሊዱ ዋጋ ስላለው ከሒሳቡ ይቀንሱልሻል።

እናትሽ በአጎትሽ በኩል ማንጎ ልካለች፤ ሐሙስ ይደርሳል፣ ደውዪለት።

አባትሽ
ድሬዳዋ