ነዳጁ ወሰን ሲሻገር ስልኩን የሚያነሳው ማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ ነኝ። በቅርቡ ባሕር ላይ ስለሚካሄድ የነዳጅ ቁፋሮ ባወጣችሁት ጽሑፍ ስለ ፈቃድ፣ ስለ በርሜልና ስለ ገቢ ብዙ ተብሏል። ነዳጁ ባሕር ውስጥ ቢፈስስስ የሚለው ጥያቄ ግን መጨረሻው አንቀጽ ላይ «አስፈላጊው ጥንቃቄ ይደረጋል» ተብሎ ታልፏል። እኔን ብዕር ያስነሳኝ ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በመርከብ ላይ ሠርቻለሁ፤ ስድስቱን ያሳለፍኩት ለቁፋሮ መድረኮች ናፍጣ፣ ሲሚንቶ፣ የቁፋሮ ጭቃና ስንቅ በምታመላልስ መርከብ ላይ ነው። ጥንቃቄ የሚባለው ነገር የት ላይ እንደሚበጠስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ከመድረኩ ሥር ቆመን ናፍጣ እያስተላለፍን ነው። ማዕበሉ ከፍ ዝቅ ባደረገን ቁጥር በመርከባችንና በመድረኩ መካከል ያለው ቱቦ ይወጠራል፣ መልሶ ይላላል። ቱቦውን እንድጠብቅ ዴክ ላይ የተመደብኩት እኔ ነበርኩ። መጋጠሚያው ሲለቅ ያን ያህል ድምፅ እንኳ አልነበረውም፤ ከባድ ትንፋሽ የመሰለ ነገር ሰማሁ፣ ወዲያው የናፍጣው ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። በሬዲዮ ጮኽኩ። ፓምፑ ቆመ፣ ቫልቩ ተዘጋ። ሁሉም ነገር ከሦስት ደቂቃ አላለፈም። ወደ ባሕሩ የገባውም ዓለም በዜና ከሚያውቃቸው አደጋዎች ጎን ሲቆም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ሲነጋ ናፍጣው ረጅም መቀነት ሆኖ ውኃው ላይ ተዘርግቶ አገኘነው። መርከበኛ ፍሳሽን የሚያነበው በቀለሙ ነው። የሰሜን ባሕር አገሮች የነዳጅ ፍሳሽን በጋራ ለመከላከል በተፈራረሙት የቦን ስምምነት ሥር የሚጠቀሙበት የቀለም መለኪያ አለ፤ ብርማ መልክ ያለው ውፍረቱ ከ0.3 ማይክሮሜትር (ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) በታች ነው፣ ቀስተ ደመና የሚመስለው እስከ 5፣ ብረት የሚመስለው እስከ 50 ይደርሳል። የእኛ መቀነት ጠርዙ ብርማ፣ መሐሉ ቀስተ ደመና ነበር። ከላይ ሲያዩት ያምራል። ማማሩ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ከመድረኩ እስከ ጎረቤት አገር የባሕር ወሰን የነበረው ርቀት 11 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውኃ ላይ የተንሳፈፈ ነዳጅ ከነፋሱ ፍጥነት ወደ 3 በመቶ ያህሉን ይዞ ይሄዳል፣ የባሕሩ ውኃ ራሱ የሚፈስበት ፍጥነት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይጨመርበታል። ነፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር፣ የውኃው ፍሰት በሰዓት 1 ኪሎ ሜትር፣ ሁለቱም ወደ ወሰኑ። ካፒቴናችን ወረቀት ላይ አሰላው፤ ስድስት ሰዓት አለን አለ።

ፈቃድ የሰጠው አገር የጠረፍ ጣቢያ በሃያ ደቂቃ ውስጥ መለሰልን። ለጎረቤቱ አገር በአደጋ ጊዜ ዕቅዱ ላይ ተጽፎ የነበረው ስልክ ግን ሥራ ከለቀቀ ብዙ ጊዜ የሆነው ሰው ስልክ ሆኖ ተገኘ። በሬዲዮ ተፈልጎ በመጨረሻ የተገኘው መኮንን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድምፁ ላይ ጭንቀት ነበረበት። «ጉዳዩ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል በደብዳቤ መምጣት አለበት» ከማለት ውጪ ሥልጣን አልነበረውም። ቡም የምንለውን ተንሳፋፊ አጥር የጫነችው መርከብ ረፋድ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ናፍጣው ወሰኑን ሲሻገር፣ እዚያው ወሰኑ ላይ ደረሰች። ደርሳም ቆመች። ወደ ውስጥ እንድትገባ ፈቃድ የመጣው ማታ ሁለት ሰዓት ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ መርከብ፣ ሠራተኛና መሣሪያ ተሟልቶ፣ ፍሳሹ ከፊታችን እየራቀ ሲሄድ ቆመን አየን።

በማግሥቱ ጠዋት ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ጀልባ አጠገባችን መጣች። አንድ ሸምገል ያሉ ሰው መረባቸውን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው አሳዩን። የምንነጋገርበት የጋራ ቋንቋ አልነበረንም። መረቡን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፣ ከዚያ ወደ እኛ ዘረጉት። ሌላ ምንም አላሉም። እኔ ቱቦውን የጠበቅኩት ሰው ስለነበርኩ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

እንግዲህ «ጥንቃቄ» ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው መድረኩን ነው፤ ቫልቩን፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ የሚቀመጠውን የፍንዳታ መከላከያ መሣሪያ፣ የሠራተኛውን ሥልጠና። ይህ ሁሉ ያስፈልጋል። ነገር ግን መሣሪያው የሚከሽፍበት ቀን አለ፤ ያን ቀን ጉዳቱን የሚወስነው ጎረቤት አገሮች አስቀድመው የተነጋገሩት ነገር ነው።

ወረቀት የለም አልልም። እ.ኤ.አ. በ1990 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለንደን ላይ የተፈረመው የነዳጅ ብክለት ዝግጁነት፣ ምላሽና ትብብር ስምምነት አባል አገሮች ለእርዳታ የሚመጡ መርከቦች፣ አውሮፕላኖች፣ ባለሙያዎችና ዕቃዎች ሳይጉላሉ እንዲገቡና እንዲወጡ የሕግና የአስተዳደር እርምጃ እንዲወስዱ ያስገድዳል። የባሕር ላይ መድረኮችም የአደጋ ጊዜ ዕቅድ እንዲኖራቸው ይጠይቃል። ይህን አንቀጽ ያነበብኩት ከዚያ ሌሊት ብዙ ቆይቶ ነው፤ አንብቤም ደነገጥኩ። እኛ አሥራ አንድ ሰዓት የቆምንበት ነገር መፍትሔው ተጽፎ የተቀመጠ ነበር። የጎደለው ወደ ጉምሩኩ፣ ወደ ጠረፍ ጠባቂውና ሌሊት ተረኛ ወደሆነው መኮንን ጠረጴዛ ያወረደው ሰው ነው።

ያወረዱት አሉ። የሰሜን ባሕር አገሮች ቶሪ ካንየን የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ በ1967 ስትሰበር የደረሰውን አይተው በ1969 የቦን ስምምነትን ፈረሙ። ባሕሩን በኃላፊነት ክልል ተከፋፍለውታል፤ የአንዱ አገር የቅኝት አውሮፕላን በሌሎቹ አገሮች የነዳጅ መድረኮች ላይ እየበረረ ፍሳሽ ይፈልጋል፣ ያየውንም ለባለቤቱ አገር ይነግራል። የጋራ ልምምድም ያደርጋሉ። ለእኔ ትልቁ ነገር ልምምዱ ነው። አብሮ የተለማመደ ሰው ስልክ ሲደወልለት የማን ድምፅ እንደሆነ ያውቃል።

ሌላው ቦታ ግን አብዛኛው ነገር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። በሜክሲኮ የካምፔቼ ባሕረ ሰላጤ ኢክስቶክ የተባለው ጉድጓድ በሰኔ 1979 እ.ኤ.አ. ፈንድቶ የተዘጋው በመጋቢት 1980 ነው። ድፍድፍ ነዳጁ በሁለት ወር ውስጥ የቴክሳስ ዳርቻ ደረሰ። ሜክሲኮና አሜሪካ የጋራ የምላሽ ስምምነታቸውን የፈረሙት በዚያው በ1980፣ ጉድጓዱ ከተዘጋ በኋላ ነው። የፋርስ ባሕረ ሰላጤ ነገር ከዚህም ይብሳል። እዚያ አገሮቹ በ1978 በኩዌት ስምምነት ተፈራርመው ነበር፤ ግን በ1983 በኢራንና በኢራቅ ጦርነት መካከል የኖውሩዝ ጉድጓዶች ሲፈስሱ ለመዝጋት የሚያስፈልገው ተኩስ ማቆም ላይ ሁለቱ መስማማት አቃታቸው። የጨው ውኃ እያጣራ የሚጠጣ ሕዝብ በሚኖርበት ባሕር ላይ ድፍድፍ ለወራት ፈሰሰ። የሜዲትራኒያን አገሮች ደግሞ ስለ ባሕር ላይ ቁፋሮ ብቻ የሚናገር ፕሮቶኮል በ1994 ማድሪድ ላይ አጽድቀው ሥራ ላይ የዋለው በ2011 ነው፤ ያውም በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የዲፕዋተር ሆራይዘን መድረክ ፈንድቶ አሥራ አንድ ሰው ከገደለና ጉድጓዱ ለ87 ቀን ከፈሰሰ በኋላ።

ከሁሉ በላይ ግን ሌሊት እያሰብኩት እንቅልፍ የሚነሳኝ የሞንታራ ታሪክ ነው። ነሐሴ 21 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ክልል፣ በቲሞር ባሕር ላይ ያለ ጉድጓድ አፈተለከ። እስኪዘጋ 74 ቀን ፈጀ። ወሰኑን ተሻግሮ ኢንዶኔዢያ፣ ሮቴ ደሴትና አካባቢው፣ በገመድ ላይ የባሕር አረም እያለሙ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። አረሙ ነጥቶ ሞተ። ጉድጓዱ የእነሱ አገር አይደለም፣ ፈቃዱን የሰጠው መንግሥት የእነሱ መንግሥት አይደለም፣ ኩባንያውም የእነሱ አይደለም። ክሳቸው አውስትራሊያ ፍርድ ቤት የገባው በ2016 ነው። ፍርድ ቤቱ ነዳጁ እንደደረሰና አረሙን እንደገደለ የፈረደው በ2021 ነው። ከ15,000 በላይ ለሆኑ አልሚዎች 192.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንዲከፈል ስምምነት የተደረሰው በኅዳር 2022። አሥራ ሦስት ዓመት! አረም የሚያለማ ሰው አሥራ ሦስት ዓመት ምን እየበላ ይጠብቃል?

ለዚህ ምክንያት አለው፣ ብዙ ሰውም አያውቀውም። ነዳጅ የጫነች መርከብ ብትሰበር የባለቤቱን ኃላፊነትና የግዴታ መድንን የሚደነግግ፣ ካሳው ካልበቃም ከዓለም አቀፍ ፈንድ እንዲሟላ የሚያደርግ ሥርዓት አለ። ለቁፋሮ ጉድጓድ ግን እንዲህ ያለ ዓለም አቀፍ ሥርዓት የለም። በ1977 ለንደን ላይ አንድ ስምምነት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ስለዚህ ያለን አማራጭ ጎረቤት ለጎረቤት መዋዋል ነው። ፈቃድ የሚሰጥ አገር ከኩባንያው የሚቀበለው የመድን ዋስትና ወሰን ማዶ ላለውም ተጎጂ እንዲከፍል አድርጎ ካልጻፈው፣ ማዶ ያለው ሰው ዕጣው የሮቴ ሰዎች ዕጣ ነው።

ገንዘቡ አንድ ነገር ነው፤ ጊዜው ሌላ። ከ2010 ወዲህ የፈነዳ ጉድጓድን ከባሕር ወለል ላይ የሚከድኑ ግዙፍ መሣሪያዎች በኖርዌይ፣ በብራዚል፣ በደቡብ አፍሪካና በሲንጋፖር ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ክዳኑ በብዙ ቶን የሚመዘን ብረት ነው፤ የሚያርፍበት ወደብ፣ የሚያነሳው ክሬንና የሚያደርሰው መርከብ ይፈልጋል። የአንዱ አገር ወደብ የማይችል ከሆነ በጎረቤቱ ወደብ መግባት አለበት። ያን ጊዜ የጉምሩክ ሠራተኛው የቀረጥ ወረቀት ቢጠይቅ ሥራውን መሥራቱ ነው፣ አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ከዓመታት በፊት በአንድ ገጽ መመሪያ ነፃ ሊያደርገው ሲችል ያላደረገው ነው። በባሕር ላይ ከፈሰሰ ነዳጅ በመሣሪያ ተለቅሞ የሚነሳው በጣም ጥቂቱ ነው፤ በዲፕዋተር ሆራይዘን ከውኃው ገጽ ተቀድቶ የተነሳው ወደ 3 በመቶ ብቻ ተብሎ ተገምቷል። አንድ ቀን ስንዘገይ የምናጣው ከዚያች ጥቂት ላይ ነው።

አቶ አዘጋጅ፣ ልመናዬ ይህ ነው። ጋዜጠኞቻችሁ በየትኛውም አገር ስለሚሰጥ የባሕር ላይ ቁፋሮ ፈቃድ ሲጽፉ የበርሜሉን ቁጥር ከጠየቁ በኋላ ጎረቤት አገሩንም ይጠይቁ። የጎረቤቱ ባለሙያዎች የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናቱን ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት አይተውታል? የእርዳታ መርከብ ያለ ደብዳቤ ወሰን መሻገር ትችላለች? አብረው የተለማመዱት መቼ ነው? ባለሥልጣኑ «ስምምነት ፈርመናል» ካላቸው፣ በአደጋ ጊዜ ዕቅዱ ላይ የጎረቤቱ አገር ስልክ የተጻፈበትን ገጽ እንዲያሳያቸው ይጠይቁት። እኔ ብሆን ቁጥሩን እጽፍና ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እደውልበት ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀድሞ መርከበኛ