ለፊልም ክበባችን አባላት፦ የቅዳሜው ፊልም

ውድ አባላት፣ በመጪው ቅዳሜ የምናየው በ1954 እ.ኤ.አ. የወጣውን የጃፓናዊውን ዳይሬክተር የአኪራ ኩሮሳዋን «ሰባቱ ሳሙራይ» ነው፤ ሰባት ሳሙራዮች (የጥንት ጃፓን ተዋጊዎች) የገበሬዎችን መንደር ከሽፍቶች ሲከላከሉ ያሳያል። ርዝመቱ 207 ደቂቃ ስለሆነ በተለመደው አዳራሽ ልክ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ላይ እንጀምራለን፤ እባካችሁ አትዘግዩ። መሃል ላይ ዕረፍት አለው። ቡናው ከክበቡ፣ የቡና ቁርሱ ከየቤታችን ይሁን።

ቶሺሮ ሚፉኔ የሚጫወተውን ኪኩቺዮን ልብ በሉት። ፎካሪና አስቂኝ መስሎ ይገባና፣ ገበሬ ለምን እህሉን እንደሚደብቅ ሲናገር ሳሙራዮቹን አንገት ያስደፋል። ለእኔ የፊልሙ እምብርት በዝናብ ከሚደረገው የመጨረሻ ውጊያ ይልቅ ይህ ነው፤ የማይስማማ ካለ ፊልሙ ሲያልቅ እንከራከራለን።

የግርጌ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ አጠገቡ ላለ ሰው በአማርኛ ለማስረዳት ፈቃደኛ የሆናችሁ ንገሩን። ወንበር እንድናዘጋጅ መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን።